ያልተዋጠ ቴምር

ረመዳን ነው። ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ቆሜ ሃፍላ የሚሉትን ሚኒባስ ስጠብቅ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ከጎኔ የቆመች አንዲት ሐበሻ ሴት ማፍጠሪያ ቴምር ተሰጣት፤ ይዛው ቆመች እንጂ አልበላችውም።

እትዬ ሐሊማ ትዝ አለችኝ። ዴም ሰፈር ከእናቴና ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምትጋራ፣ «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ሴት ነበረች። ከዒድ በኋላም መጾሟን ቀጠለች። ማዳሟ «ማሻአላህ» ትላለች፤ ጎረቤቱም ያደንቃታል። አንድ ቀን ስታፈጥር ቴምሩን ከአፏ መልሳ በመሐረብ ስትጠቀልለው አየኋት። ምላሷ እርጎ የተቀባ ይመስል እስከ ጉሮሮዋ ነጭ ነበር።

«ልጄ፣ ምራቄ እንኳን ሲወርድ ያቃጥለኛል» አለችኝ። «ኤችአይቪ እንዳለብኝ ካወቁ ከሥራ ያባርሩኛል። ጾመኛ ናት ይበሉኝ። ለማንም እንደማትነግሪ ወላሂ በይኝ።»

«ወላሂ» አልኳት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በምስጢሬ ኮራሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላት ሞተች። ለቅሶው ላይ «ጾመኛዋ» እያሉ አነቡላት። ያ ነጭ ነገር በኪኒን እንደሚድን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሹፌሩ «ያላ!» አለ። ሴትዮዋ ቴምሩን በመሐረብ ጠቅልላ ቀና ስትል ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። ዐይኔን ሰብሬ ሃፍላው ውስጥ ገባሁ።