በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ

ናጂማ መጀመሪያ ያየችው የመሐረቡን ቋጠሮ ነው። ሴትዮዋ ትልቁንና ውዱን ቦርሳዋን ስትከፍት፣ ውስጡ ከአንድ ፖስታና ጫፉ ከተቋጠረ መሐረብ በቀር ምንም አልነበረም። በፔናንግ ወደብ በር ገንዘብ ስትመነዝር ናጂማ ከመርከብ የሚወርድ ስንት እንግሊዝ አይታለች፤ ብሩን በመሐረብ የሚቋጥር ግን ገጥሟት አያውቅም።

ሴትዮዋ ፓውንድ የያዘውን፣ «ፔናንግ» ተብሎ የተጻፈበትን ፖስታ በመስኮቱ አቀበለቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ደረሰኙ ላይ አሳንሰሽ ጻፊልኝ፣ ልጄ። ልዩነቱን ለብቻው ስጪኝ።»

«ሱቁን ያዘጉብናል፣ እማማ። ማንን ፈርተው ነው?»

ሴትዮዋ ውጭ ኮፍያውን ደፍቶ ወደቆመው ባሏ በአገጯ ጠቆመች። «እሱን በምንዛሬ ያታለለው የለም። ከእኔ በቀር።» አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የመርከብ መክፈያ ካርድ ነካ አደረገች። «በዚህኛው ሻይ ብጠጣ እንኳ ስልኩ ይነግረዋል።»

«ለምንድን ነው የፈለጉት?»

«ለአንድ ሰው ትኬት። እህቴ ዘንድ መሄጃ።»

ናጂማ አንገቷን ደፍታ ትክክለኛውን ሂሳብ ጻፈች። ሴትዮዋ ገንዘቡንና ደረሰኙን ወስዳ ለባሏ ሰጠችው።

ባልየው የማሌዥያውን ገንዘብ፣ ሪንጊቱን፣ ከደረሰኙ ጋር አመሳከረ። «አልበሉሽም፣ ጎበዝ» አለና አንዲት ቀይ ኖት መዘዘ። «እንቺ፣ አይስክሬም ግዢበት።»

ሴትዮዋ አመሰገነችው። ፊቱን ሲያዞር ኖቷን መሐረቧ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ከዚያ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ፣ የአይስክሬም ሻጩን ጋሪ ቀና ብላ ሳታይ አልፋ፣ ከባሏ ኋላ ኋላ ሄደች።