የዘርማንዘር ትኋኖች

ሰፈሩ «ዘርማንዘር» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያተረፈው በገዛ አፉ ነው። መርጫውን አዝሎ በየበሩ ሲቆም «ትኋኖችሽን ዘር ማንዘራቸውን ነው የማጠፋልሽ» ማለት ይወድ ነበር። ሰዉ ቢያሾፍበት እሱ እንደ ሹመት ቆጠረው።

አረጫጨቱን ላየ ሰው ሳቁን መቆጣጠር ከባድ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሙሉ ክዳን የሚባለውን እሱ ሩብ ያደርገውና ውሃውን እስከ አፉ ይሞላዋል። ለዚህም ፍልስፍና አለው፤ «መድኃኒት ሲበዛባቸው ይነቃሉ፤ በቀጭኑ ማዘናጋት ነው» ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ በቀጭኑ የተረጨ ቤት ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይጠራዋል፤ የሚፈልገውም ይኸንኑ ነው። ሲጠሩት ፊቱን ኮስተር አድርጎ ፍራሹን ይገለብጥና «አይ፣ ለመዱት» ይላል። ትኋን ቁጭ ብሎ መርዝ ሲለማመድ የሚውል ይመስል! ከዚያ ያንኑ መድኃኒት፣ ያንኑ ቀጭን፣ ደግሞ ይረጫል። ሲጨርስ የደንበኛው አልጋ ላይ የጣለውን ኮቱንና ቦርሳውን አንስቶ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ማታ ቦርሳውን የሚያስገባው ከራሱ አልጋ ሥር ነው።

እንዲህ ሲል ሸበተ።

አንድ ልጁ ስትወልድ፣ ጠንከር እስክትል እናቷ ቤት ልትሰነብት መጣች። ለልጅ ልጁ እንኳ አይታማም፤ አንጀቱ ይንሰፈሰፋል። ትንሿን ክፍል ራሱ ቀለም ቀባ፤ የሕፃኗን አልጋ በእጁ ሠራ። ቤቱ በሳቅ ሊሞላ ነው ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አሰለቸ።

በመጡ ማግስት ሕፃኗ አንገት ላይ ቀያይ እብጠት ተሰልፎ ተገኘ። እናትየው የፍራሹን ስፌት ገለጥ ብታደርግ፣ ትኋኖቹ ተደርድረዋል።

ዘርማንዘር ዕድሜውን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ። መድኃኒቱን ከልኩም አሳልፎ ቀላቀለና ቤቱን እየረጨ አራሰው። እናትና ልጅ ጎረቤት አደሩ። ጠዋት ተሰብስበው ፍራሹን ሲገልጡ ጥቂቶቹ ሞተዋል፤ የቀሩት እንደ ቤቱ ባለቤት ተረጋግተው ይንሸራሸራሉ።

«ለመዱት» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

ሚስቱ ምላሷ ስል ነው፤ ይቺን ቃል ስትሰማ አንገሸገሻት።

«ማን ነው የለመደው? የሞተው ሞተ፣ ያልሞተው ወለደ። የወለደው ልጅ ደግሞ እንደ ወላጁ መርዝህን የሚችል ነው። አንተ በቀጭንህ ደካማውን እየለቀምክ ብርቱውን ስታስተርፍ ኖርክ። ሰው ላሙን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አይመርጥም።»

«ታዲያ እዚህ ምን አመጣቸው?»

«አንተ ነሃ! ከየቤቱ የተረፉትን ጀግኖች በቦርሳህ ተሸክመህ አምጥተህ፣ እዚሁ አልጋችን ሥር ዳርካቸው።»

ለሰው ሁሉ ያቀበላት «ለመዱት» የምትል ማመካኛ ለራሱ ሳትበቃው ቀረች።

ልጁ ከጎረቤት በተዋሰችው ጨርቅ ሕፃኗን ጠቅልላ ቆመች። እዚህ ቤት ያደረ ልብስ አንድም አልያዘችም።

«አባዬ፣ ወደ ቤቴ ልመለስ።»

«ትንሽ ታገሺኝ፣ አጠፋቸዋለሁ።»

«እስካሁን ስታጠፋ አልነበር?»

ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም፤ እሱንም የጎዳው ይኸው ነው። ለመሰናበት ቀረብ ብሎ ሕፃኗን ሊያቅፍ እጁን ሲዘረጋ ልጁ ወደ ኋላ ሸሸች።

«በዚህ ኮት አትንካት።»

ኮቱን እየተጣደፈ አውልቆ ደጃፉ ላይ ወረወረው። በሸሚዙ ብቻ እጁን ደግሞ ሲዘረጋ ልጁ መንገዱን ተሻግራ ነበር። ከኮቱ ስፌት አንዲት ትኋን ወጣችና፣ ያለ ምንም ጥድፊያ፣ ወደ ቤት ገባች።