መሪ ለመንቀል የተጠመዱ በሬዎች

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ተነሣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ራሴ የሠራሁት መንቀያ፣ ቁልፎች፣ የዝገት ዘይት፣ ቁራጭ ነሐስና አዲስ ኩሽኔታ አሉ። የምሄደው ቡሬ አጠገብ ወደሚኖሩት ገበሬ ወደ አያ ደምለው ነው፤ የአሮጌ ጂፓቸውን መሪ ሳልሰብር ልነቅል። ከመሪው ሥር ያለው ኩሽኔታ አልቆ መሪው ይዋልላል። እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ሙሽራዋ የምትወጣው በዚያ ጂፕ ነው። መሪው ከተሰነጠቀ ምትክ የለውም፤ ባሕር ዳር ድረስ ጠይቄ አጥቻለሁ።

ማንኩሳን ስናልፍ በመንገዱ ዳር የተሰጣ በርበሬ መሬቱን አቅልቶታል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ሁሉ አስነጠስን። ቡሬ ላይ ሻይ በቦምቦሊኖ ቀመስኩ። ከዚያ ጥቂት በባጃጅ፣ ቀሪውን የበቆሎ አገዳ በተከመረበት ማሳ መሃል በእግር ሄድኩ።

ረፋዱ ላይ

ጂፑ ሸራው ተገፎ ግቢው ውስጥ ቆሟል። መሪውና ዘንጉ የሚገናኙበትን ጭሬ ምልክት አደረግሁ። መሪው ድንገት ሲለቅ ፊት ስለሚመታ፣ መሪውን ዘንጉ ላይ የሚይዘውን ዳዶ አላላሁት እንጂ አላወጣሁትም። መሪው ከዘንጉ ጋር በዝገት ተጣብቋል፤ መንቀያዬም የሚይዝበት ጠርዝ አላገኘም። ዘይት አንጠባጥቤ “ትንሽ እንተወው” አልኩና ምሳ ሲጠሩኝ ገባሁ። ሌላ ምንም አላልኩም።

ከሰዓት

ከምሳ ስወጣ ደጃፉ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ከጂፑ ኋላ ጥንድ በሬ ተጠምዷል። ከቀንበሩ የተነሣው መጫኛ በወንበሮቹ ላይ አልፎ የመሪው ክብ ላይ ታስሯል። አሥር የሚሆኑ ጎረቤቶች ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈው ቆመዋል።

“አይዞህ ልጄ፣” አሉ አያ ደምለው። “ብቻህን ስትታገል አይተን ዝም እንበል? ደቦ ጠርቻለሁ።”

“የከተማ ልጅ ወገብ ለዚህ አይሆንም!” አለ ጅራፍ የያዘው ጎረቤት። “እነዚህ ስንት ጉቶ ነቅለዋል!”

ሰዉ ሳቀ። ጅራፉ ጮኸ። መጫኛው ተወጠረ፤ መሪው “ቀጭ” አለ።

“ቁሙ!”

የጮህኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። በሬዎቹም ሰዎቹም ቀጥ አሉ።

ክቡን ዙሪያውን በጥፍሬ ዳሰስኩ። አያ ደምለው ፊታቸው አመድ መስሎ፣ “ሰበርነው?” አሉ።

“ቀለሙ ብቻ ነው የተላጠው። አያ፣ በክቡ ከሳቡት ይሰበራል፤ መሳብ ያለበት በእምብርቱ ነው። በሬ ደግሞ ይነጥቃል፤ ሰው ግን በልክ ይስባል።”

“ታዲያ ይህን ቅድም አትናገርም?”



በሬዎቹ ተፈቱ። መጫኛውን እምብርቱ ላይ አሰርኩ፤ ስድስት ሰው ሳይወዘውዝ ወጥሮ ያዘ። ነሐሱን ዳዶው ላይ አድርጌ በመዶሻ መታ መታ አደረግሁ። በሦስተኛው “ጧ!” አለ። መሪው የጣት ስፋት ያህል ዘሎ ዳዶው ላይ ቆመ። ስድስቱ ደንግጠው መጫኛውን ሲለቁት ከኋላቸው የተከመረው ጭድ ላይ በጀርባቸው ወደቁ።

“ዳዶውን የተውከው ለዚህ ነዋ!” አለ ባለጅራፉ፣ ከወደቀበት ሳይነሣ።

ኩሽኔታውን ቀይሬ መሪውን በምልክቱ መለስኩ። አያ ደምለው ራሳቸው እየነዱ ቡሬ አደረሱኝ። መሪው አልዋለለም።

ወደ ቤት

ሚኒባሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ እናት “ምን ሠርተህ መጣህ ልጄ?” አሉኝ። ወትሮ “መኪና” ብዬ ወደ መስኮቱ እዞር ነበር። ቅድም ግን ዘይቱ እስኪሰርግ እንደምጠብቅ አንዲት ቃል ብተነፍስ ኖሮ በሬ ባልተጠመደ። ስለዚህ ዛሬ ምልክቱን እንዴት እንደጫርኩ፣ ዘይት ለምን ጊዜ እንደሚፈልግ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ወሬዬ ገና በሬዎቹ ጋ ነበር።