በሥዕሉ ግርጌ የነበረችው ሴት

ደብረ ታቦር ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው የጥንት አውሮፓውያንን ሥዕሎች በፕሮጀክተር እያሳየሁ ትርጉማቸውን ከተማሪዎቼ ጋር የምፈታበትን ሰዓት ነው። አንድ ሳምንት ያሳየኋቸው ለቤተ ክርስቲያን የተሠራ ሥዕል ነበር። መካከሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ጥጉ ላይ አንድ ነጋዴ ተንበርክኮ ይጸልያል።

«ይህ ሰውዬ ማን ነው?» አልኳቸው። ከዚያ ራሴው መለስኩ።

«ሥዕሉን ያሠራው ነው። እሱ ቢሞት እንኳ ጸሎቱ እንዳይቋረጥ ራሱን እዚያ አስቀመጠ። በታላቅ ሥዕል ውስጥ ያለ ምክንያት የሚገባ ነገር የለም።»

ልጆቹ ጻፉት። እኔም በአነጋገሬ ደስ አለኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ገሳይ አጠገብ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያንን የሚያስተዳድሩት ቄስ አስጠሩኝ። ከሌላ ደብር ተዛውረው ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም።

«ቆርቆሮው አፍስሶ በሴቶች መግቢያ በኩል ያለው ሥዕል ተጎድቷል» አሉኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ ይጠገናል ወይስ አዲስ ይሣል?»

አየሁት። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች። ከእግሯ ሥር አንዲት ትንሽ ሴት በግንባሯ ተደፍታ ፊቷን ብቻ ወደ እኛ መልሳለች። መዳፏ ከፊቷ ይበልጣል። ከበታቿ የደበዘዘ ጽሑፍ ነበረ፤ ጎንበስ ብዬ አላነበብኩትም።

«አባ፣ ይህን የሣለው ሰው መጠን አያውቅም» አልኩ። «ይችን ሴትዮ ይዩዋት እስቲ፤ ሕፃን ልጅ ከዚህ የተሻለ ይሥላል። በኖራ ይሸፈንና እኔ በነጻ አዲስ እሠራላችኋለሁ።»

ቄሱ ግድግዳውን አየት አድርገው አመነቱ። በመጨረሻ ግን አመኑኝ።

ሁለት ወር ሠራሁ። የቀሚሱን እጥፋት፣ ከጎን የሚመጣውን ብርሃን፣ የፊቱን ልስላሴ ሁሉ ከምወዳቸው ሥዕሎች ወሰድኩ። በተመረቀ ቀን ሰዉ እልል አለ።

እልልታው ሳያባራ አንዲት አሮጊት ወደ ግድግዳው ተጠጉና የሥዕሉን ግርጌ በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሩ።

«እናቴን የት አደረጋችኋት?»

«የትኛዋን እናት?» አሉ ቄሱ።

«እዚህ ተደፍታ የነበረችውን። እኔን በስለት ወልዳ ሥዕሉን ያሠራችው እሷ ናት። ልጅ ሳለሁ ሞተችብኝ፤ መልኳን የማየው እዚህ ብቻ ነበር።»

ቄሱ አዩኝ። እንድናገር የጠበቁኝ ይመስለኛል። እኔ ጎንበስ ብዬ የብሩሽ ሻንጣዬን መዝጋት ያዝኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ» አሉ ቄሱ።

አሮጊቷ ግድግዳውን ተሳልመው ወጡ። እኔ ምሳውንም በላሁ፣ ምርቃቱንም ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ የነጋዴው ሥዕል ላይ ስደርስ ዘልዬው ማለፍ ጀመርኩ። አንድ ተማሪ «መምህር፣ ይሄን ለምን አያስረዱንም?» ሲለኝ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፍኩ። በሳምንቱ የአሮጊቷን ቤት ጠይቄ ሄድኩ።

«እማማ፣ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። ቄሱ ምንም ጥፋት የለባቸውም።»

«አውቄያለሁ» አሉ። «እሳቸው ሲናገሩ አንተ ቀና ማለት አቅቶህ ነበር። ምነው ልጄ፣ ከማጥፋትህ በፊት አንድ ሰው ብትጠይቅ?»

ወረቀት አውጥቼ እናታቸውን እንደሚያስታውሷቸው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

«ግንባሯ ሰፊ ነው። እጇ ትልቅ ነበር፤ ራሴን ስትዳብሰኝ መዳፏ ጭንቅላቴን ሁሉ ይሸፍነው ነበር።»

ሠዓሊውን «መጠን አያውቅም» ያሰኘኝ የዚያ እጅ ትልቅነት ነበር። የምችለውን ሁሉ አድርጌ ጨረስኩና ሰጠኋቸው። በር ላይ ቆመው በብርሃን አዩት።

«ቆንጆ ሴት ናት» አሉ። «እናቴ ግን አይደለችም።»

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው መለሱልኝ። ዝናቡ ሳይመጣ መኪና እንድይዝ ብለው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ጎረቤቶች ማን እንደሆንኩ ጠየቋቸው።

«እንግዳዬ ነው» አሏቸው። «መምህር ነው።»

እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ከኋላቸው ተከተልኩ።