«አይገባትም» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም ሆነ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተናግሬው አላውቅም። ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ አልነካውም። አሁን ለማታውቀኝ ለአንተ ልናገር ነው፤ ምናልባት ስለማታውቀኝ ይሆናል። ከየት እንደምጀምር ግን እንጃ። ጥፋቱ የት እንደጀመረ ለራሴም ጠርቶ አልታየኝም።

ወልቂጤ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ጠዋት በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ፣ ከሰዓት ደግሞ ከዋናው መንገድ ጀርባ በተከፈተ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ተደብቄ አልነበረም፤ ብዙዎቻችን እንደዚያው ነበርን። የመንግሥቱ ደመወዝ ቤት ኪራይ ከፍሎ ልጅ አያሳድግም። የራሴ ልጅም በግሉ ይማር የነበረው እዚያ ስለማስተምር ነው። ይህን የምልህ ራሴን ለመከላከል ነው? እውነት ስለሆነ ነው የምለው። ግን ሰው እውነት ውስጥም መደበቅ ይችላል።

የጠዋቱ ክፍል ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላ ነው። ከኋላ ለተቀመጡት ሰሌዳው አይታያቸውም። ገብቼ ቀመሩን እጽፋለሁ፣ አንድ ምሳሌ እሠራለሁ፣ «የቀረውን ቤታችሁ ሞክሩ» ብዬ እወጣለሁ። ከሰዓት ያንኑ ትምህርት ከሥሩ አስረዳለሁ። በየወንበሩ እዞራለሁ፤ ያልገባው ካለ እደግምለታለሁ፣ እሠልስለታለሁ። ያው እኔ ነኝ። ጉልበቴን ለከሰዓት እቆጥብ ነበር። ቆጠብኩ ልበል ወይስ ሰረቅኩ?

በጠዋቱ ክፍል የወንድሜ ልጅ ትዕግስት ነበረች። ታላቅ ወንድሜ ደግፌ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ትዕግስት ቤት ውስጥ «ጋሼ» ትለኛለች፣ ክፍል ውስጥ ግን እንደ ሌሎቹ «ቲቸር»። አንድ ጠዋት ከኋላ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ቁጥሩ ወደ ማዶ ሲሻገር ፕላሱ ለምን ማይነስ ይሆናል?» አለችኝ።

«ሕጉ ነው፤ ዝም ብለሽ ያዥው» አልኳት።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት አንድ የግሉ ተማሪ ያንኑ ጠየቀኝ። ሰሌዳው ላይ ሚዛን ስዬ፣ ከአንዱ ጎን ሲነሳ ከሌላውም መነሳት እንዳለበት አሳየሁት። ትዕግስት ትዝ አለችኝ። ነገ አስረዳታለሁ ብዬ አሰብኩ። ነጋ፤ አላስረዳኋትም።

ትዕግስት በሒሳብ ደጋግማ ወደቀች። አንድ እሑድ ደግፌ ከአምልኮ በኋላ እቤቴ መጣ። የብየዳ እሳት የጠባበሳቸውን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«እኔ አላውቅበትም፤ አንተ ታውቃለህ» አለኝ። «ከልጅቷ ነው ወይስ ከትምህርቱ?»

ሻይ ቀዳሁለት።

«ወደ ግሉ ላዛውራት አስቤያለሁ። ሥራ እጨምራለሁ። አንተም እዚያ አለህ።»

አየህ፣ እዚህ ላይ ነው እኔ ራሴን የማላውቀው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ከሰዓት ክፍሌ ብትገባ ምን ታያለች? ጠዋት የምታውቀው አጎቷ ሌላ ሰው ሆኖ ሲያስተምር ታያለች። ለአባቷም ትነግረዋለች። እሱ ራሱን አስቀርቶ ያስተማረኝ ለዚህ ነበር?

«ጋሼ፣ በከንቱ አትድከም» አልኩት። «ሒሳብ አይገባትም። ተፈጥሮዋ አይደለም።»

ወንድሜ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። «አንተ ካልክ ነው። ያስተማርኩህም እውነቱን እንድትነግረኝ ነው።»

በማግሥቱ ትዕግስት እጇን አላወጣችም። ከዚያ በኋላም አላወጣችም። ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርቷን ትታ ቡታጅራ አክስቷ ልብስ መሸጫ ገባች። እዚያው አገባች፤ የራሷን ሱቅ ከፈተች፤ ኤፍራታ የምትባል ልጅ ወለደች። የከሰዓቶቹ ተማሪዎቼ ኢንጂነርና ሐኪም ሆነው መንገድ ላይ አቅፈው ይስሙኛል። በእነሱ መኩራት ይገባኛል? ማፈር? ምን አጠፉ? ደመወዜን ያሳነሰው ነው ጥፋተኛው? ትምህርትን ለከፈለ የሸጠው? እንዲህ እያልኩ ጥፋቱን ለሁሉም አከፋፍላለሁ፤ ሳከፋፍል ውዬ ግን ያቺ «አይገባትም» የምትለው ቃል ማንም ሳይወስዳት እኔው ጋ ትቀራለች።

እውነትም የማይገባት ቢሆንስ? ይህም ይመጣብኛል። ባስረዳትም ሳይገባት ይቀር ይሆናል። ግን ያልተነገራት ነገር እንዴት ይገባታል? አሁን ማወቅ አልችልም። እንዳይታወቅ ያደረግኩትም እኔ ነኝ።

በቅርቡ ለቅሶ ለመድረስ ቡታጅራ ሄጄ እሷ ቤት አረፍኩ። ኤፍራታ የግል ትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ ከወንበሩ ጥግ ተቀምጣለች። ትዕግስት ለክፍያው ብላ የሱቁን ግማሽ ለሌላ ሰው ማከራየቷን ነገረችኝ።

«ከብዶሽ የለ፣ ለምን የመንግሥቱ ጋ አታስገቢያትም?» አልኳት። የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ አፌ እንዴት እንደተናገረው አላውቅም።

ሳቀች። «እንደ እኔ ጭንቅላቷ ደካማ ከሆነስ ጋሼ? የእኔ ልጅ ናት እኮ። የሚያግዛት ያስፈልጋታል።» ከዚያ እጄን ያዘች። «አንተ ያን ጊዜ እውነቱን ባትነግረን አባዬ በከንቱ ይለፋ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸነግለን ነበር። ጌታ ይባርክህ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ቀና ብላ እያየችኝ ነበር። ትዕግስትም መልሴን እየጠበቀች ነበር።

«አሜን» አልኳት።

ከአንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ለየትኛው ይቅርታ እንደምጠይቅም ገና አልለየሁም፤ ለወንድሜ ለተናገርኩት ይሁን ለዚያ አሜን። ሁለቱንም ግን ያልኩት እኔ ነኝ።