የላንድሮቨሯ ምርቃት

ይልማ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ወፍጮ አለው። ጀርባውን ለሞተሩ ሰጥቶ፣ ደጃፉ ላይ ከሰው ጋር እየተጫወተም ቢሆን፣ ድንጋዩ መወቀር እንዳለበት የሚያውቀው በጆሮው ነው። በደንብ የተወቀረ ድንጋይ እህል ሲፈጭ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ወጥ ነው፤ ሲደነዝዝ ግን ያጉረመርማል፣ ዱቄቱንም ያሞቀዋል። ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች የሬዲዮ ድምፅ ሲበላሽባቸው እንኳ መጀመሪያ ለይልማ ያሰማሉ። እሱም ሬዲዮ እንደማይጠግን አስረድቶ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ካዳመጠ በኋላ ይመልስላቸዋል።

ይህ ሰው በ1979 ዓ.ም. ሐምሌ መኪና ሊገዛ ተነሣ። ምክንያቱ አማቱ ነበሩ።

የሚስቱ የታቢታ እናት የሚኖሩት ሁላ ነው፤ ከአፖስቶ ወደ ላይ፣ ደመናው ከጣሪያ በታች በሚያድርበት ደጋ። ይልማና ታቢታ ስድስት ልጆች አሏቸው፤ ያላቸው መኪና ግን አንዲት አሮጌ ቮልስ ናት። ቮልሷ ስምንት ሰው አትይዝም፤ ስለዚህ አያት ጥየቃ ሲኬድ ግማሹ ቤተሰብ ቅዳሜ፣ ግማሹ እሑድ ይደርሳል። ያውም በበጋ ነው። በክረምት ጭቃው ቮልሷን እስከ ሆዷ ይውጣታል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ በክረምት ነው። እንዲህ ሆኖ አሮጊቷ ሁለት ዓመት ሙሉ የልጅ ልጆቻቸውን አንድ ላይ አላዩም።

በሰኔ መጨረሻ በአንድ የቡና ነጋዴ አፍ መልእክት ላኩ፦ «ስድስቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ደጅ አምጡልኝ። መስከረም ከመጥባቱ በፊት ካልመጣችሁ እኔው በእግሬ እወርዳለሁ።»

ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውም ያማቸዋል።

«ያስፈራሩ ይሆናል እንጂ» አለ ይልማ።

«እናቴ አስፈራርታ አታውቅም» አለች ታቢታ። «ዲላ ገበያ በእግሬ እሄዳለሁ ብላ ሄዳለች። የጠፋ በግ ይርጋለም ድረስ እፈልጋለሁ ብላ ፈልጋለች። በጉንም አግኝታዋለች።»

ይልማ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ቮልሷን ለአንድ መምህር ሸጠ፣ የዕቁብ ዕጣውንም ጨመረበትና የልጁን የሮማንን ያለቀ ደብተር ገልብጦ በጀርባው ላይ ሁለት ስም ጻፈ፦ ላንድክሩዘር፣ ላንድሮቨር። በዚያን ጊዜ ሐዋሳ ውስጥ ለሽያጭ የቀረቡት ዳገት የሚወጡ መኪኖች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

መጀመሪያ ላንድክሩዘሩን ለማየት ሄደ። መኪናው መናኸሪያ አጠገብ፣ በደላላው በሽበሺ እጅ ነበር። ሽበሺ ሰውን እንደ ጉዳዩ ክብደት ነው የሚጠራው፤ ሰላምታ ላይ «ጋሽ ይልማ»፣ ዋጋ ላይ ሲደርስ «ጓድ ይልማ» ይላል። መኪናው ቀይ፣ አጭር፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ይልማ ከሁሉ አስቀድሞ እጁን የሞተር ክዳኑ ላይ አሳረፈ።

«ሞቋል» አለ።

«አንተ እንግዳ ስትጠብቅ ቤትህን አትጠርግም?» አለ ሽበሺ።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጤነኛም ሆነ የታመመ ሞተር ከሞቀ በኋላ በቀላሉ ይነሣል፤ ሕመሙን የሚናገረው ጠዋት በብርድ ሲቀሰቅሱት ነው። ይልማ ተመልሶ በማግስቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት መጣ፤ ሽበሺ ገና ጋቢውን አልጣለም። ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። ይልማ ነጭ መሐረብ አውጥቶ ከጭስ ማውጫው ኋላ ዘረጋ። ጥቁር ጭስ ነዳጅ ሳይቃጠል መውጣቱን ያሳያል፤ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

«ሰማዩ ነው የሚታይህ» አለ ሽበሺ።

«ሰማዩ ዛሬ ጠቁሯል።»

ቀጥሎ ስድስቱን ልጆች አስመጣና አስቀመጣቸው። የመጨረሻው፣ የአራት ዓመቱ ፍቅሬ፣ ቦታ አጥቶ ማርሹ ላይ ተንጠለጠለ። ይልማ ደብተሩ ላይ «ፍቅሬ ተረፈ» ብሎ ጻፈ። መኪናው በቤንዚን የሚሄድ ነው፤ ያውም እንደ ግመል ይጠጣል። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን በወር የሚደርሰው ኩፖን ሁላ አድርሶ እንደማይመልስ አሰላ። አንድ ጥሩ ነገር ግን ነበረው፤ ከከተማው ዳር ያለውን የታቦር ተራራ ዳገት ያለ ሥቃይ ይወጣል። ይልማ ይህንንም በሐቀኝነት ጻፈ።

«ጓድ ይልማ» አለ ሽበሺ፣ ዋጋ መናገሩ ነበር፣ «ይህን የመሰለ መኪና ፈትሸህ የምትተወው ከሆነ፣ ሚስትህን እንዴት አገባሃት?»

«እሷ ናት የፈተሸችኝ።»

ሁለተኛው መኪና ሐይቅ ዳር ነበር፣ በአቶ ዳንጊሶ ግቢ። አቶ ዳንጊሶ በሚሲዮን ክሊኒክ ሠላሳ ዓመት በድሬሰርነት ያገለገሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ቁስል አጥበው፣ መርፌ ወግተው፣ ብዙ ሰው አድነዋል። ፈረንጆቹ አገር ለቀው ሲወጡ ረጅሟን የናፍጣ ላንድሮቨር ለእሳቸው ሸጡላቸው። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል።

ይልማ ወደዚያ ከመሄዱ በፊት ሚስቱን አንድ ነገር ለመናት።

«ታቢታ፣ ዋጋ እስክንጨርስ ሲዳምኛ አትናገሪ።»

«ለምን?»

«ሲዳምኛ ከጀመራችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዘመድ ሆናችሁ ትገኛላችሁ። ከዘመድ ጋር ደግሞ ዋጋ መከራከር ነውር ነው።»

ታቢታ ሐሳቡ ገባት። ከንፈሯን በጣቷ ቆልፋ አሳየችው።

ላንድሮቨሯ አረንጓዴ ናት፣ እንደ በሬ ሰፊና ዝግተኛ። ይልማ እጁን ክዳኗ ላይ ቢያደርግ ቀዝቃዛ ሆና አገኛት፤ ደስ አለው። ስትነሣ ግን ደስታው እጥፍ ሆነ፤ ድምፅዋ የወፍጮው ድምፅ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ አቶ ዳንጊሶ ጸሎት ላይ ያለ መስሏቸው ዝም ብለው ጠበቁት።

«ልጄ፣ ጨረስህ?» አሉት በኋላ። «እንግዲያው ካርዷን እይ።»

የሰጡት የሕመምተኛ ካርድ ነበር፤ ከክሊኒኩ የተረፈ፣ ጠርዙ የተበላ። ስም በሚለው ቦታ «ላንድሮቨር» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በጥንቃቄ በተሞላ የእጅ ጽሕፈት፦ «ትንሽ ሳል። የናፍጣ ማጣሪያ ተለወጠ። ሳሉ ቆመ።» «የግራ የኋላ ባሌስትራ ስብራት። ይርጋለም ተልኮ ተጠግኗል።» «ፍሬን ደካማ። ዘይት ተሰጠ። በሁለተኛው ቀን ተሻላት።» ይልማ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንብቦ አያውቅም። ሁለቴ አነበበው፤ ሦስተኛውን ለታቢታ አነበበላት።

ልጆቹን አስቀመጠ። ፊት ሦስት፣ መሐል ሦስት፣ ከኋላ ፊት ለፊት በሚተያዩት አግዳሚዎች ላይ አራት ሰው ይቀመጣል። ፍቅሬ ቦታ አግኝቶ፣ ገና ሌላ ቦታም ይመርጥ ነበር። ታቦርን ስትወጣ አንድ አህያ ቀደመቻት፤ ወጣች ግን። ማታ ከሥሯ ጋዜጣ አንጥፎ ሄደና በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ የዘይት ጠብታ ፈለገ። ሁለት አገኘ፤ ከአሥር ሳንቲም ያንሳሉ። አንድ ጉድለት ብቻ አየ። የኋላ በሯ ላይ መጠባበቂያው፣ ስኮርታ ጎማው፣ የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ የላንድሮቨር ጎማ እንደ ልብ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሂዶ ወር ይጠበቃል። ያለ ስኮርታ ደግሞ ያንን ድንጋይና ጭቃ ስድስት ልጅ ጭኖ መውጣት አይሞከርም። ይልማ በግቢው ሲዘዋወር በዕቃ ቤቱ ስንጥቅ አጮልቆ ጎማውንም ክሪኩንም አየ። አቶ ዳንጊሶ ለብቻው ሊሸጡት እንዳሰቡ ገባው። ግን አልጠየቀም። ዘዴ ነበረው።

ዘዴው የገበያ ዘዴ ነው። ሐዋሳ ገበያ አንድ ቁና ጤፍ የገዛ ሰው ዋጋው ካለቀ በኋላ «መርቁልኝ» ይላል፤ ሻጯም በእፍኟ ታክልለታለች። ዋጋ ላይ ፍንክች የማትል ሴት እንኳ ምርቃት አትከለክልም። ከዋጋው በፊት የተጠየቀ ነገር ዋጋ ይወጣለታል፤ ከዋጋው በኋላ የተጠየቀ ግን የደግነት ጉዳይ ይሆናል። ይልማ ስኮርታውን ለምርቃት አቆየው።

በሦስተኛው ቀን ለድርድር ተቀመጡ። አቶ ዳንጊሶ አሥራ አንድ ሺህ አሉ። ይልማ ስምንት አለ፤ ደብተሩንም ገልጦ ጠብታዎቹን፣ ባሌስትራውን፣ የቀደመቻቸውን አህያ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ሽማግሌው በትዕግሥት አዳምጠው ወደ ሚስታቸው ዞሩና በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉ። ታቢታን ትን አላት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳለች።

«ብርድ ነው» አለች በአማርኛ።

«ከሳምንት ካለፈ ይታይ» አሉ አቶ ዳንጊሶ፣ የድሮ ሥራቸው ትዝ ብሏቸው።

ሽማግሌው አንድ ሺህ ወረዱ፣ ይልማ አንድ ሺህ ወጣ፤ ሻይ መጣ፤ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ላይ ተገናኙና እጅ ለእጅ ተመታቱ። ይልማ ያቺን ሰዓት ሲጠብቅ ነበር። ፈገግ አለና ዓይኑን ወደ ዕቃ ቤቱ ጣል አድርጎ፣

«እንግዲህ አባባ፣ ይመርቁልን» አለ።

አቶ ዳንጊሶ ፊታቸው በራ። ከገዢ ብዙ ነገር ሰምተዋል፤ ምርቃት የለመነ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሚስታቸውን አስነሡ፣ ላንድሮቨሯ ፊት ሄደው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። አማርኛቸውን የተማሩት በቤተ ክርስቲያንና በክሊኒክ ነው፤ ገበያ የሚወጡት ሚስታቸው ናቸው።

«ይህች መኪና ያሳደግኋት ናት» ብለው ጀመሩ። «ከዚህ ቤት ምንም ሳይጎድልባት ትውጣ።»

«አሜን» አሉ ሚስታቸው። ይልማም አለ፤ ምን ያድርግ?

«ሞተሯን ከሳል ጠብቅላት። ፍሬኗን አጽናላት። የሚሳፈሩባት ልጆች ይደጉ። ዳገት አያቁማት፣ ጭቃ አይያዛት፣ በመንገድ ሰው የሚያስለምን ችግር አያግኛት።»

ምርቃቱ ባሌስትራውንና ራዲያተሩን አዳርሶ መብራቱ ላይ እስኪደርስ ይልማ አሥራ አራት ጊዜ አሜን አለ። ሲያልቅ አቶ ዳንጊሶ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ሊብሬውንና ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡት። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

አሁን ምን ይባላል? ሽማግሌ መርቆ ከጨረሰ በኋላ «ጎማስ?» ማለት ምርቃቱ አነሰኝ ማለት ነው። ይልማ ቁልፉን ይዞ ቆመ። ደብተሩ ውስጥ ለዚህ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሁላ፣ የአማቱ ጉልበት፣ መስከረም፣ ሁሉም በዓይኑ ዞሩ። መለመን አልቻለም፤ መሄድም አልቻለም።

ታቢታ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለች። ዋጋው አልቋል፤ ቃሏን ጠብቃለች።

«አባባ» አለች በጠራ ሲዳምኛ፣ «ምንም ሳይጎድልባት ትውጣ ብለዋል። እኔም ከልቤ አሜን ብያለሁ።»

አቶ ዳንጊሶ መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ጎማው አልነበረም።

«ልጄ፣ ሲዳምኛ ታውቂያለሽ?»

«የሁላ ልጅ ነኝ።»

«ከጥዋት ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከጥዋት ጀምሮ።»

ሽማግሌው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ሚስታቸው ግን መሳቅ ጀመሩ። ይልማ የሚሆነው አልገባውም።

«ምንድን ነው ያሉት?» ሲል ታቢታን ጠየቃት።

«ቅድም አንተ ስለ አህያዋ ስታነብ፣ ‹ይህ ሰውዬ የመጣው መኪና ሊገዛ ነው ወይስ ልጃችንን ሊያገባ?› ነው ያሉት።»

አቶ ዳንጊሶ ወደ ኋላ በሩ ባዶ ቦታ አዩ፤ ከዚያ ወደ ሰማይ አዩ። ዕቃ ቤቱን ከፈቱ፣ ጎማውን እያንከባለሉ አወጡ። ለክሪኩ ተመለሱ።

«የመረቅሁትን እኔው ላጉድለው?» አሉ። «ያውም ለሁላ ልጅ።»

ይልማ ጎማውን ተቀብሎ ካሰረ በኋላ ሕሊናው አላስቀመጠውም፤ በገበያ ምርቃት ማለት ምን እንደሆነ ከጤፉ ጀምሮ አስረዳቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ታዲያ ስትለምነኝ የነበረው ጎማውን ነው?»

«ጎማውን ነበር።»

«ያን ሁሉ አሜን ያልከውስ?»

«እሱ ከልቤ ነው» አለ ይልማ። እውነቱን ነበር።

በሳምንቱ ስምንቱም በአንድ መኪና ወጡ። ከአፖስቶ በላይ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ አንድ የሾለ ድንጋይ የግራውን የኋላ ጎማ በሳው። ሮማን ቀድማ ወረደች።

«አባዬ፣ ምርቃቱን ላውርደው?» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ስኮርታ ሌላ ስም የለውም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀየሩና ቀጠሉ። ሁላ ሲደርሱ አሮጊቷ ደጅ ቆመው ነበር፤ ልጆቹ ሲወርዱ በጣታቸው አንድ፣ ሁለት እያሉ እስከ ስድስት ቆጠሩ። ከዚያ መንገዱን ወደ ታች አዩ፣ እንደ ልማዱ ነገ የሚመጣ ግማሽ እንዳለ ለማጣራት።

«ይኸው ነን እናቴ» አለች ታቢታ። «የቀረ የለም።»

አሮጊቷ የመንገድ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«እንኳን መጣችሁ» አሉ። «ሰኞ ልነሣ ስንቄን ቋጥሬ ነበር።»