ትሪው ላይ የቀረው ካርድ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ፣ ተማሪው በፈተና በሚዋከብበት ሰሞን ነው። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ተመልሼ የምወርድበት ቀን አለ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምሠራው የካ ውስጥ፣ እንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። መኝታው፣ ምግቡ፣ ክሊኒኩ፣ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር በእኔ ሥር ነው። ሲፈጥረኝ ቁጭ ማለት አልችልም፤ ባልደረቦቼ ወንበር ይፋጀዋል እያሉ ያሙኛል። በዚያ ላይ በጀቱ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ፣ ከሦስቱ ነርሶቻችን ሁለቱ ሲለቁ በምትካቸው ሰው መቅጠር አልተፈቀደልንም። የክሊኒኩ ወረፋ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ይደርስ ነበር።

ታዲያ አንድ መላ ዘየድኩ። ተማሪው ክሊኒክ ሲመጣ መታወቂያውን መስኮቱ ላይ ያለው ትሪ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ተራው እስኪደርስ ክፍል ገብቶ ይማራል። ወረፋው በሳምንቱ ጠፋ። አንድ ብር አልወጣበትም። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ በፊትም የምግብ ካርድ፣ የበር ካርድ የሚባለውን ሁሉ አስቀርቼ በአንድ መታወቂያ ጠቅልዬው ነበር። ያለ እሱ ካፌ መግባት የለም፤ ከውጭ ወደ ግቢ መግባትም የለም። ሁለቱን መላዎቼን ግን ጎን ለጎን አድርጌ አስቤያቸው አላውቅም።

የዚያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ክሊኒኩ ብቅ አልኩ። በረንዳው ጭር ብሏል። ትሪው ውስጥ አንድ ካርድ ብቻ ቀርቷል። ሀያት የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ፎቶዋ ላይ ፈገግ ብላለች። ነርሷን ሲስተር አልማዝን ብጠይቃት፣ ልጆች እየመጡ ካርዳቸውን ጥለው ስለሚሄዱ ማን መቼ እንዳስቀመጠ እንደማታይ፣ ተራው ሲደርስም ስሙን ሁለቴ ጠርታ ሰው ስታጣ ማለፏን ነገረችኝ። ካርዱን ተቀብላ ፎቶውን ስታይ ግን ደነገጠች።

"ይቺ ልጅ ስኳር አለባት" አለችኝ። "መድኃኒቷ እዚህ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ጠዋት መርፌዋን ተወግታ ሄዳለች፤ ካርዱን የተወችው ለምርመራ ተራ ልትይዝ መሆን አለበት። ምግብ ካልቀመሰች ስኳሯ ይወርድባታል። ራሷን ልትስት ትችላለች።"

ካርዱን ይዤ ወጣሁ። መኝታ ክፍሏ የለችም። ቤተ መጻሕፍት የለችም። ካፌው በር ላይ የምትቆመውን ሠራተኛ ፎቶውን ባሳያት አስታወሰቻት። ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ ነበር፤ ካርድ ስላልያዘች መልሳታለች። ለምን እንዳልያዘች ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ክሊኒኩ ደግሞ በዚያ ሰዓት ለምሳ ይዘጋል።

ወደ ዋናው በር ሮጥኩ። ጥበቃው ጋሽ በቀለ ወጥታ እንደነበር፣ ትንሽ ቆይታም ልትመለስ ስትል እንደከለከሏት ነገሩኝ።

"እግሯ ይንገዳገዳል፣ አፏ ይተሳሰራል። የጠጣች መሰለችኝ" አሉኝ። "ደግሞ ያለ ካርድ ሰው እንዳታስገቡ ያሉን እርስዎ ነዎት።"

ወዴት እንደሄደች ስጠይቃቸው በእጃቸው ሽቅብ አሳዩኝ፤ ተማሪዎች ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጡበትን መንገድ። መኪና እንዳለኝ እንኳ ትዝ ሳይለኝ ዳገቱን በቢሮ ጫማዬ ተያያዝኩት። ካፊያ ጀምሯል። ታክሲ የሚጠብቀውን፣ በቆሎ የምትጠብሰውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ፎቶውን እያሳየሁ ጠየቅኩ። ያያት የለም። ለቤተሰቧ ደውዬ ምን እንደምል አሰብኩ፤ ከወራቤ ድረስ አምነው የሰጡን ልጅ ናት። ትንፋሼ ቁርጥ ሲል መንገዱን በሌላኛው ጎን ይዤ ቁልቁል ተመለስኩ።

ከግቢያችን አጥር ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ሱቅ አለች። ባለቤቷ እትዬ ዘይነባ ይባላሉ፤ በፊታቸው ሳልፍ ዓመታት ቢሆነኝም ስማቸውን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ካርዱን ዘርግቼ ገና አፌን ሳልከፍት፣ ፎቶውን አይተው መጋረጃውን ገለጡልኝ። ሀያት ከሩዝ ጆንያዎቹ ጀርባ፣ በተነጠፈ ካርቶን ላይ፣ የሰው ጋቢ ለብሳ ተቀምጣለች። አጠገቧ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስና የተገመሰ ዳቦ አለ። በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሀያት የሚበላ ልትገዛ ወጥታ ሱቁ ዝግ ሆኖባታል፤ ሴትዮዋ ለሶላት ዘግተው ሄደው ሲመለሱ ነው አጥሩ ሥር ወድቃ ያገኟት። ባለቤታቸው የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል።

"የግቢው ኃላፊ እርስዎ ነዎት?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። "ልጅቷ የሄደችበት ሁሉ 'ካርድሽ የታለ?' ነው የተባለችው። እኔ መጀመሪያ አጠጣኋት። ስሟን የጠየቅኳት በኋላ ነው።"

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሀያት ደግሞ ቀና ብላ "ጋሼ ይቅርታ፣ ካርዴን ክሊኒክ ትቼው ነው" አለችኝ። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

ደግፌያት በሩ ጋ ስንደርስ ጋሽ በቀለ ለእኔ ብድግ ብለው ሰላምታ ሰጡና ወደ እሷ ዞረው ካርድ ጠየቁ። ካርዷ እጄ ላይ ነበር፣ አሳየኋቸው። ያኔ ኪሴን ዳበስኩ። የእኔ መታወቂያ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል። ስወጣም ስገባም የጠየቀኝ የለም።

አሁን ትሪው የለም። ሲስተር አልማዝ ከመድኃኒት ካርቶን ቆርጣ ቁጥር ትጽፍበታለች፤ ተማሪው ቁጥሩን ይዞ ካርዱ ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ይህም አንድ ብር አልወጣበትም፤ ቀድሞ ሊታየኝ ይገባ ነበር። እንደ ሀያት ያሉት ተራ አይጠብቁም። ነርሷ ግን አሁንም አንድ ናት። ማታ ልወጣ ስል ያልተመለሰ ቁጥር እንዳለ ካላየሁ እግሬ አይሄድልኝም፤ ከመኪናዬ የምወርደውም ለዚሁ ነው።

ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ መታወቂያዬን አውጥቼ ለጋሽ በቀለ እዘረጋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለው አይተውት አያውቁም፤ እየሳቁ ይለፉ ይሉኛል። እኔም አፍሬ አልፋለሁ።